እመት ጃርትና የሰርቨሩ ጉንዳኖች

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደ ሰው ሲነጋገሩ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራ፣ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ የሚያስተናግድ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር ነበር። እመት ጃርት በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ የመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። ቀላሉን ራሷ ትመልሳለች፤ ከባዱን፣ የይለፍ ቃል ማመሳከሩንና ፋይል ማስመጣቱን፣ ከኋላ ላሉት አራት ጉንዳኖች ትሰጣለች።

የዘር እህል የሚታደልበት ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ ለመመዝገብ ባንዴ መጡና ሰልፉ ወንዙን ተሻገረ። ንጉሥ አንበሳ፣ "እስከ እኩለ ቀን ካላለቀ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ" ብሎ ላከባት። የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ።

አያ ዝንጀሮ ከሰልፉ ወጥቶ መጣ። "ምን ያስጨንቅሻል? ጉንዳኖቹን ስልሳ አራት አድርጊያቸው።"

ጃርት የጉንዳኖቹ ቁጥር ተጽፎበት በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት "አራት" የሚለውን ሰርዛ "ስልሳ አራት" ብላ ጻፈች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ምንም የለም።

ሰርቨሩ አዛጋና፣ "ወረቀቱን የማነበው ስነሳ ብቻ ነው" አላት።

አጥፍታ አስነሳችው። ስልሳ አራት ጉንዳኖች ተግተልትለው ገቡ። ሰልፉ ግን ጭራሽ ቆመ።

"ምን ሆንክ?" አለችው።

"ያለኝ አራት አንጎል ነው፤ አንዱ አንጎል ባንዴ አንድ ጉንዳን ብቻ ያሠራል" አለ ሰርቨሩ እያለከለከ። "ስልሳ አራቱም 'እኔ ልቅደም' ይሉኛል። ተራ ሳስይዝ መሥራቱን ረሳሁት።"

ዝንጀሮ ራሱን አከከና፣ "እንግዲያው መቶ ሃያ ስምንት ይሁኑ" አለ።

ጃርት ግን ቁጥሩን ወደ አራት መልሳ ሰርቨሩን አስነሳችና ወደ ኋላ ገብታ ጉንዳኖቹን ትጠይቅ ጀመር።

"አንተስ ምን ትሠራለህ?"

"የይለፍ ቃል አመሳክራለሁ።"

"አንተስ?"

"እኔም።"

ሦስተኛውና አራተኛው ግን እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"እናንተስ?"

"እመት ኤሊን ፋይል እንድታመጣ ልከናት እየጠበቅን ነው።"

"ታዲያ ሁለቱ አንጎሎችህ ምን ይሠራሉ?" አለችው ሰርቨሩን።

"ተኝተዋል" አለ አፍሮ።

ጃርት "ስድስት" ብላ ጻፈችና እንደገና አስነሳችው። ሁለቱ ኤሊን ሲጠብቁ አራቱ ሠሩ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አለቀ። ዝንጀሮ ሲመክር ተራው አልፎት ነበርና መጨረሻ ላይ ተመዘገበ።

"እኔም ልልሽ የነበረው ስድስት ነው" አላት ሲወጣ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሥራ ሲከመርባችሁ ሠራተኛ ከመጨመራችሁ በፊት፣ ያሉት ምን እየሠሩ እንደሆነ ገብታችሁ ጠይቁ።