ጋሽ ድንበሩ ፈረንሳይኛ ሲማሩ

አማቴ እንዳወሩልኝ ነው፤ እሳቸውም ከአባታቸው ሰምተውት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ የባቡር ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ የፈለገ ነገር ቢናገሩ ፊታቸው ፈገግ አይልም። አንድ ዓመት ልክ መስቀል እንዳለፈ ከፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ትእዛዝ መጣ፦ ቲኬት ቆራጭ ሁሉ ፈረንሳይኛ ይማር፤ ለፋሲካ ተፈትኖ የወደቀ ከባቡሩ ወርዶ ጆንያ ይሸከም። የጋሽ ድንበሩ ወገብ ደግሞ እንኳን ጆንያ፣ ካፖርታቸውንም በግድ ነው የሚችል።

፩

መምህሩ ሙሴ ጋስቶን፣ በእኛ «አቶ ጋስቶን» እንደማለት፣ የሚባል ፈረንጅ ነው። እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያስተምር። አንድ ቀን «በፈረንሳይኛ ጠረጴዛ ሴት ናት» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። «ምኗን አይታችሁ ነው?» የሚል አለ፤ «ማን ወሰነ?» የሚል አለ። ሙሴ ጋስቶን ተቆጣ።

«ለምን ብሎ ነገር የለም! ሴት ናት አልኩ፣ ሴት ናት!»

ጋሽ ድንበሩ ከኋላ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እንግዲያው እግርዎን ያውርዱላት።»

፪

ሌላ ቀን አደፍርስ የሚባል ወጣት ባልደረባቸው፣ «ሙሴ፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደሎች ካልተነበቡ ለምን ይጻፋሉ?» ብሎ ጠየቀ። ሙሴ «ደደብ!» ብሎ ሰደበው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ድንበሩ ጠጋ አሉት፤ ሙሴ እንዲሰማ አድርገው፣

«ምን ይገርምሃል ልጄ? ጣቢያችን ውስጥስ ስማቸው በር ላይ ተጽፎ ድምፃቸው የማይሰማ ስንት ሹሞች አሉ?»

፫

ፋሲካ ደረሰ። ሙሴ ጋስቶን ትልቅ ሰውን «ቩ»፣ ልጅንና እኩያን «ቱ» በሉ፣ እንደ እናንተ «እርስዎ» እና «አንተ» ነው ብሎ አስተምሯል። እሱ ራሱ ግን በልጃቸው ዕድሜ ሆኖ ጋሽ ድንበሩን «ቱ» ሲላቸው ነው የከረመው።

የፈተናው ቀን የኩባንያው ዲሬክተር መጥቶ ተቀመጠ። ሙሴ ለፈተናው እንደ ተሳፋሪ ሆኖ ቀረበ። ጋሽ ድንበሩ ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ ሰላም አሉት፣ ቲኬት ጠየቁት፣ መልካም ጉዞ ተመኙለት፤ ሁሉንም በ«ቱ»።

ሙሴ ዘሎ ተነሣ። «ወድቋል! ‹ቩ› አላለኝም!»

ዲሬክተሩም ብዕሩን እንደያዘ፣ «መምህርህን እንዲህ ማለት ከየት ተማርክ?» አላቸው።

«ከእሳቸው ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሲያናግሩኝ ሌላውን አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ዲሬክተሩ ሙሴን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «አልፈዋል» ብሎ ፈረመ።

ሙሴ ጋስቶን ፊቱ ቲማቲም መስሎ እስከ በሩ ተከተላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜም «ቩ» አላቸው።

«አሁን ደስ አለዎት?»

ጋሽ ድንበሩ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ኧረ ይተዉት ሙሴ፤ አሁንማ እኩያ ሆነናል፣ ‹ቱ› ይበሉኝ።»