የቀላሉ መልህቅ ገመድ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ወገቡን ታመመ። በእሱ ሰፈር ጀልባ የሚቆመው በድንጋይ ነው፤ ትልቅ ድንጋይ በገመድ አስረው ወደ ውኃው ይለቁታል። ይህ ሰው ግን ድንጋዩን መልሶ ማውጣት አቃተው። ሌላ ሙያ አያውቅም። ታዲያ ምን ይሁን? ምን በልቶ ይደር?

አሰበ፣ አሰበና ከአንድ በያጅ ጋር ተማክሮ ከቀጭን ብረት መልህቅ ሠራ። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ጭቃ የሚነክስ ጥርስ ያለው። ጓደኞቹ ሳቁበት። «ይሄ ጀልባ ሊያቆም ነው ወይስ ሥጋ ልትሰቅልበት?» አሉት። እሱ ግን ደስ ብሎት ሚስቱን ዘርፌን ይዞ ወደ ሐይቁ ወጣ፤ መልህቁንም ጣለ።

ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ዳር ላይ ወዳለ ቋጥኝ መንሸራተት ጀመረች። መልህቁ አልያዘም!

ወገኖቼ፣ ሰውየው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ገመዱን ሳበ። ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ከጀልባው ሥር ቁጭ ይላል፣ ገመዱ አጭር ነው። ስለዚህ ሳበ፣ አሳጠረ፣ እንደገና ሳበ። በሳበ ቁጥር መልህቁ ይነቀላል። በተነቀለ ቁጥር ይፈራል። በፈራ ቁጥር ይስባል።

«አንተ ሰውዬ፣ ላላ አድርግለት እንጂ! አንተው እኮ ነህ የምትነቅለው!» አለች ዘርፌ።

«ብለቀውማ አለቀልን!»

«ይዘኸውስ መቼ ቆምን?»

ሰውየው መሳቡን ተወ። ገመዱን ለቀቀለት። ጀልባዋ ይባስ ብላ ወደ ቋጥኙ ቀረበች፤ ዘርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ገመዱ ረዝሞ ተጋደመ፣ የመልህቁ ጥርስ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ጀልባዋም ቀጥ አለች። ሰውየው ተቀምጦ አለቀሰ።

እናንተስ? ልጃችሁ ታሞ፣ ትዳራችሁ ተናውጦ ጸልያችኋል። ከዚያስ? በማግሥቱ መጎተት ነው! «ጌታ ሆይ፣ አለህ ወይ? ሰምተኸኛል ወይ?» እያላችሁ የተከላችሁትን ትነቅላላችሁ። አልፈርድባችሁም። ቋጥኝ ፊቱ ተገትሮ የማይፈራ ማን አለ?

በርቱ፣ ጉልበት ጨምሩ አልላችሁም። ጉልበታችሁ ያለቀ ብዙዎች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ አውቃለሁ። ለተከላችሁት ጸሎት ጊዜ ስጡት ነው የምላችሁ። ያቺ ጀልባ ከመቆሟ በፊት ወደ ቋጥኙ ቀርባ ነበር። ቀረበች እንጂ አልተሰበረችም። እናንተ ዛሬ ቋጥኙ አጠገብ ያላችሁ፣ ገና አልተሰበራችሁም፤ እጃችሁን ክፈቱ።