ዝሆኗና የኩሬው በር

ተረት መጣላችሁ፤ «ይምጣ» በሉኝ።

በአንድ የድርቅ ዘመን እንስሳት ሁሉ የቀረቻቸውን አንዲት ኩሬ አጥረው ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን እናት ዝሆን የሚንገዳገድ ግልገሏን እየደገፈች ከሩቅ አገር መጣችና ውሃ ለመነች። ዝሆን ጠጣች ማለት ኩሬው ተጋመሰ ማለት ነው። እንስሳቱ ደንግጠው ለምክር ተሰበሰቡ።

ፈጣሪዋን የምትፈራው እመት ቆቅ፣ «ክፈቱላት! ውሃው የእግዜር ነው፤ የሰጠን እሱ ይተካልናል» አለች።

በሰማይ ማንም የለም ብሎ የሚያምነው አያ ጃርት ግን እሾሁን አቁሞ በሩ ላይ ተገተረ። «የሚተካልን የለም! ያለነው እኛው ብቻ ነን። ውሃው ካለቀ ሁላችንም አለቅን» አለ።

ጭቅጭቁ ሲከር ግልገሉ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሽማግሌው ኤሊ ወደ ጃርት ዞረና፣ «ልጄ፣ ያለነው እኛው ብቻ ከሆንን፣ ይህን ሕፃን ከእኛ ሌላ ማን ያነሳዋል?» አለው።

ጃርት ግልገሉን አየው። እሾሁ ቀስ እያለ ተኛ፤ ከበሩም ዞር አለ።

ዝሆኗ ልጇን አጠጣች፤ እሷም ጥቂት ተጎነጨች። ከዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ ወርዳ አሸዋውን በኩምቢዋ አሸተተችና በእግሯ ትቆፍር ጀመር። ከጉድጓዱ ቀዝቃዛ ውሃ ፈለቀ። እንስሳቱ እፎይ ብለው እየተጋፉ ወረዱ።

«ማን እንደላካት አየህ?» አለች ቆቅ፣ ውሃ ከምንቃሯ እየተንጠባጠበ።

«እኔ ያየሁት ስትቆፍር ነው» አለ ጃርት። «ይልቅ ጠጋ በይልኝማ፣ ልጠጣበት።»

ቆቅ ሳቅ ብላ ጠጋ አለችለት።

ተረቴ አበቃ፤ ተራው የእናንተ ነው።