ተረከዝ ሲከተል የዋለው ሯጭ

አንድ ሯጭ ነበረ። ሩጫ እንጀራው አልነበረም፤ እንጀራው መስታወት መቁረጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ የመስኮትና የቁም ሳጥን መስታወት ሲለካና ሲገጥም ይውላል፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ መኪና ሳይበዛበት አስፋልቱ ላይ ይሮጣል።

ቁጭ በል እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ወንድሜ በድሎኛል፤ የበደለኝን ሰው ዝም ብዬ ብተወው ሞኝ አልባልም ወይ?» ነው ያልከኝ። ሞኝ ማን እንደሚባል ሰምተህ አንተው ትፈርዳለህ። ድምፄ ከፍ ካለብህ ታገሠኝ። ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ ለምን እንደተቆጣሁም መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ይህ መስታወት ቆራጭ አንድ ጓደኛ ነበረው። ጓደኛው መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ሳቂታ፣ ጠዋት የተናገረውን ማታ የማያስታውስ ሰው ነው። ሁለቱ አብረው ይሮጡ ነበር። የእኛ አገር ሯጮች ሲለማመዱ አይተሃል? አንዱ ከፊት ይሆናል፣ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ንፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ሌላው ከኋላው ይጠጋና ዐይኑን ተረከዙ ላይ ጥሎ ይሮጣል። እግር መከተል ይሉታል። ከኋላ ያለው ስለ መንገዱ አያስብም፤ ጉድጓዱንም ኩርባውንም የሚያይለት የፊተኛው ነው። የፊተኛው ሲደክመው ይለዋወጣሉ። ትልቅ መተማመን ነው፤ ዐይንህን ለሌላ ሰው ሰጥተህ መሮጥ ማለት ነው።

አንድ ዓመት ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ማራቶን ገቡ። ማሸነፍ በሐሳባቸውም አልነበረም። አሸናፊዎቹ ገብተው፣ ተሸልመው፣ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ከሚደርሱት መካከል ነበሩ። ስምምነታቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ለመግባት ነበር። መንገዱን ሙሉ ከፊት ሆኖ ንፋሱን የተቀበለው መስታወት ቆራጩ ነው። ጓደኛው «ጎኔን ወጋኝ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» እያለ ከኋላው ተለጥፎ መጣ። የመጨረሻው መስመር ሲታያቸው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ዳር የቆመው ሕዝብም አጨበጨበላቸው። ከዚያ መስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ጓደኛ ተብዬው እጁን መንጭቆ አወጣና ተፈትልኮ ቀድሞ ገባ።

ታዲያ ይህ ምኑ ያናድዳል እንዳትለኝ። ያናድዳል! እኔንም ሲነግሩኝ ደሜን አፍልቶታል። በዚያ ላይ ፎቶ አንሺው ያቺን ቅጽበት ቀርጿት ነበር። ጓደኛው ሁለት እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ይስቃል፤ መስታወት ቆራጩ ከኋላው አንድ እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ፣ ምጽዋት የሚለምን መስሎ ቆሟል። ጓደኛው ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ በማሠልጠኛው ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብሎ ብሎ የፎቶውን መስታወት እንዲገጥምለት ወደ መስታወት ቆራጩ ሱቅ ሰው ላከበት! መስታወት ቆራጩ ያን ዕለት ቂም ቋጠረ። እኔ አልፈርድበትም፤ አንተም አትፍረድበት።

ይህ ሰው አባት ነበረው። አባቱ አብረውት ይኖራሉ፤ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ከሩጫ ሲመለስ የእግሩን ኮቴ ከሩቅ ይለዩና፣ በር ሳያንኳኳ ግድግዳውን ዳብሰው ሄደው ይከፍቱለታል። በዓመቱ ሩጫው ሲቃረብ፣ «የዘንድሮውን እዚያው ቆሜ ልስማህ፤ የከርሞውን እንጃ» አሉት። «ስንት ሺህ ሰው አንድ ዓይነት ከናቴራ ለብሶ ይሮጣል፤ እንዴት ትለየኛለህ?» ሲላቸው፣ «ስትደርስ ጮክ ብለህ ጥራኝ። አባዬ በለኝ። ያን ጊዜ ልጄ ገባ እላለሁ» አሉት። እሱም እሺ አለ፤ ቃል ገባ።

ነገር ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የተለማመደው ለዚያ ለጓደኛው ብሎ ነው። ብቻውን ዳገት ሲወጣ የሚታየው የዚያ ሰው ጀርባ ነው። እራት ላይ ሚስቱ ስታናግረው አይሰማም፤ አባቱ ስለ ልምምዱ ሲጠይቁት በአንድ ቃል ይመልሳል። ልብ አድርግ፣ በደለኛው ግን እየሳቀ ይበላል፣ ይተኛል። ይህ ምስኪን መስታወት ሲቆርጥ እንኳ ስለዚያ ሰው እያሰበ ጣቱን ይቆርጥ ነበር።

ዕቅዱ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጓደኛውን ከኋላ ሊከተለው፣ መስመሩ አጠገብ ሲደርሱ ሊያልፈው፣ ከዚያ ዞሮ ባዶ እጁን አየር ላይ ሊዘረጋለት። በቃ። ዓመት ሙሉ ያረገዘው ይህችን ነበር።

የሩጫው ቀን ደረሰ። አባቱን በጠዋት አምጥቶ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ የብረቱን አጥር አስደግፎ አቆማቸው። ከዚያ ወደ መነሻው ሄደና በዚያ ሁሉ ብርቱካናማ ከናቴራ መካከል ጓደኛውን ፈልጎ አገኘው፤ ሳይታይ ከኋላው ተሰለፈ። ተኩሱ ሲተኮስ ዐይኑን ተረከዙ ላይ ጣለ። በመንገዱ ላይ ሕፃናት ውሃ ይረጫሉ፣ ሙዚቀኞች ይነፋሉ፣ ሴቶች በእልልታ ያጅባሉ፤ እሱ ግን አንዱንም አላየም። ያየው ሁለት ተረከዝ ብቻ ነው። ደግሞ የሚያናድደው፣ በዚያን ቀን እግሩ እንደዚያ ሆኖለት አያውቅም! እንደ ጉልበቱ ቢሮጥ ጓደኛውን ገና ሩጫው ሳይጋመስ ጥሎት ይሄድ ነበር። እግሩ ልለፍ እያለ ሲለምነው እየያዘው፣ ከሱ በታች በሆነ ሰው ፍጥነት ራሱን አስሮ ሮጠ።

ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ የድምፅ ማጉያው ጩኸት መሰማት ጀመረ። አንድ ኩርባ ብቻ ነው የቀረው። እዚያ ኩርባ ላይ ጓደኛው በድንገት ወደ ግራ ታጠፈና አንዲት ጠባብ የመንደር መንገድ ውስጥ ገባ።

ባንዲራ የያዘች አስተናባሪ፣ «በዚያ አይደለም! ወንድሜ፣ መንገዱ በዚህ ነው!» ብላ ጮኸች። መስታወት ቆራጩ ሰምቷታል። ሳያውቅ የጠፋ እንዳይመስልህ። ቀና ብሎ ቀጥተኛውን መንገድ አየ፤ በመንገዱ መጨረሻ አባቱ እንደቆሙም ያውቃል። ግን ልቡ፣ «ይኼ ሌባ አቋርጦ ሊገባ ነው! ዛሬም ሊቀድመኝ ነው!» አለው። አስተናባሪዋን ገፍትሮ ተከተለው።

መንደሩ ቁልቁለት ነው። ጓደኛው ዘሎ ቦይ ሲሻገር እሱም ዘለለ፤ በልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ሲሾልክ እሱም ሾለከ። ውሻ ተከተላቸው። ትንሽ ድልድይ ተሻገሩ፤ ደግሞ ታጠፉ። ጓደኛውን እንደዚህ ሲሮጥ በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። በመጨረሻ ጓደኛው አንድ የቆርቆሮ በር በትከሻው በርግዶ ገባ፤ እሱም ተከትሎ ገባ። ጓደኛው ወደ ጓሮ ሮጠና አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

ሽንት ቤት ነው።

«አጭበርባሪ! ውጣ!» ብሎ በሩን ደበደበው።

«ማነው?» አለ ጓደኛው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ! ዓምና እጄን ለምን ለቀቅከኝ?»

ከዚያ በተጨነቀ ድምፅ፣ «የምን እጅ?» አለ።

ሰማህ? የምን እጅ! ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳውን ነገር ሰውየው አያስታውሰውም! ቀጥሎም፣ «ወንድሜ፣ ማታ የበላሁት ጥሬ ሥጋ ሊገድለኝ ነው። ሩጫውን ትቼዋለሁ፤ ዘንድሮ የተከራየሁት ቤት ቅርብ በመሆኑ ነው የተረፍኩት። አንተ ባትመጣ ምን እሆን ነበር? እባክህ ከደጅ ካለው በርሜል በጆጉ ውሃ ቀድተህ አቀብለኝ» አለው።

ምን ያድርግ? ቀድቶ አቀበለው። ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው፣ ያን ሁሉ ንጋት ብርድ የጠጣ ሰው፣ በበደለኛው ሽንት ቤት ደጃፍ ጆግ ይዞ ቆመ! ይህን ሳስብ ማንን መሳደብ እንዳለብኝ ይጠፋብኛል።

ያን ጊዜ ነው አባቱ ትዝ ያሉት። ጆጉን ጥሎ ሮጠ። ነገር ግን ሲመጣ ያየው ተረከዝ እንጂ መንገድ አይደለምና መመለሻውን ከየት ይወቀው? ሁሉም ቅያስ አንድ መሰለው። በአንዱ ገብቶ ግንብ ገጠመው፤ በሌላው ገብቶ ወንዙ ዳር ወጣ። እግሩ ቆሞ በመቆየቱ ተሳስሮበታል። ጠይቆ ጠያይቆ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ መንገዱ ለመኪና ተከፍቷል። በእግረኛ መካከል እያነከሰ ሲሮጥ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወንድም፣ የዘንድሮውን ነው ወይስ የከርሞውን?» ብሎ ሳቀበት።

መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ መስመር የለም። በአየር የተነፋው የመግቢያ በር ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የብረት አጥሩን መኪና ላይ እየጫኑት ነው። አባቱ ትቷቸው የሄደበት ቦታ ላይ ናቸው። የተደገፉትን አጥር አንስተውባቸው በከዘራቸው ቆመዋል፤ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዘንብለው ያዳምጣሉ። የምትጠርግ ሴት፣ «አረፍ ይበሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከተቀመጥኩ የልጄ ድምፅ ያመልጠኛል አሉን» አለችው።

«አባዬ» አለ። ጮክ ብሎ ሳይሆን አጠገባቸው ደርሶ ነው ያለው።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «መጣህ? ደህና ገባህ?» አሉት። ከዚያ እጁን ፈልገው ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ይቅር በለኝ። አንተ ጠርተኸኝ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ሕዝቡ ሲጮህ ጆሮዬ ዞረብኝ። እርጅና ነው» አሉት።

አየህ፣ ሌላ ተናጋሪ ቢሆን እዚህ ላይ «አለቀሰ፣ እውነቱን ተናግሮ እግራቸው ላይ ወደቀ» ብሎ ይጨርስልህ ነበር። አልወደቀም። አፍሮ፣ «አዎ፣ ጠርቼህ ነበር አባዬ» አላቸው። ዋሻቸው። የራሱን ጥፋት በዚያ ሽማግሌ ጆሮ ላይ ጫነው። የከርሞው ሩጫ ሲደርስ አባቱ አልነበሩም፤ ልጃቸውን ሳይሰሙት የቀሩት በራሳቸው ጥፋት እንደሆነ እያመኑ ሄዱ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ወንድምህ በድሎሃል፤ አይካድም፣ እኔም አልክድም። የአባታችሁን ግቢ ሲካፈል አጥሩን ወዳንተ ገፍቶታል። እጅህ ተለቋል። ብትቆጣ እውነትህን ነው። ነገር ግን ዐይንህን የት ነው የጣልከው? እሱ ቀበሌ ሲሄድ ቀበሌ ትሄዳለህ፤ እሱ ፍርድ ቤት ሲገባ ትገባለህ፤ እሱ ይግባኝ ሲል ይግባኝ ትላለህ። አሁን አንተ የምትሄድበትን የሚመርጥልህ ማነው? የጠላኸው ሰው አይደለም እንዴ? በየቅያሱ ያዞርሃል፤ መጨረሻ ላይ ደጃፉ ቆመህ ውሃ ታቀብለዋለህ፤ ለምን እንደመጣህም አያስታውስም። ሞኝ አልባልም ወይ ላልከኝ መልሱ ይኸው!

ለምን እንደተቆጣሁ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። ትናንት የታመመች እናትህን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እግርህ እዚያ ቤት እንዳልረገጠ አውቃለሁ። «ልጅሽ መጥቶ ጠየቀሽ?» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «መጥቶ ይሆናል፤ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ተመልሶ ይሆናል» አለችኝ። ሌሊቱን ከሕመሙ የተነሳ ዐይኗን እንደማትከድን እህትህ ነግራኛለች!

ሰበቡን ራሷ እየፈለገችልህ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ፣ «ይቅር በለኝ፣ ስትመጣ ተኝቼ ነበር» ስትልህ፣ «አዎ፣ መጥቼ ነበር» ልትላት ነው?

ያንን የክስ ወረቀትህን እዚሁ ተወውና ተነስ። ሌላ ቦታ እንዳትደርስ፣ ቀጥ ብለህ ወደ እሷ ሂድ። በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ጮክ ብለህ ጥራት።