ከአቶ መንበሩ በላይ

አቶ መንበሩ ከከተማው ዳር፣ ፎቅ ከፎቅ ተጠጋግቶ በቆመበት ሰፈር ቤት ሲገዙ የመጨረሻውን ፎቅ የመረጡት አየሩን ወደው አልነበረም። «ከእኔ በላይ ማንም ሲረግጥ መስማት አልፈልግም» ብለው ነው። ደረጃው ላይ ሰው ባገኙ ቁጥርም ይህንኑ ካልደገሙ አያልፉም ነበር።

የሕንፃው ነዋሪዎች ውሃ ለሁሉም እንዲደርስ ጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶ እናውጣ ብለው ሲመክሩ፣ አቶ መንበሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሮቶ? በእኔ አናት ላይ? በቁሜማ አይሆንም!» የሚፈሩ ሰው ስለነበሩ ሮቶው ምድር ላይ ቀረ፤ መልስ የማይቸግራት የአንዲት ሴትዮ በር ላይ ተተከለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ መንበሩ ሰርግ ሊሄዱ ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ሳሙናውን ገና ከመቀባታቸው ውሃው ቀጥ አለ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ጠብ አልል አለ። ፎጣ አገልድመው፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ አናታቸው ላይ አረፋውን እንደቆለሉ ደረጃውን ወረዱት። ሮቶው ዘንድ ሰልፍ ነው፤ ከፊት ሴትዮዋ ባልዲዋን ትሞላለች።

«ዞር በይ፣ እኔ ልቅዳ!» አሏት።

«ተራ አለ፣ ጌታዬ።»

«ለእኔ ተራ? በዚህ ሕንፃ ከእኔ በላይ ማን አለ?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አናታቸውን አየችና፣

«አረፋው አለ፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ለሮቶ የከለከሉት ቦታ ላይ እሱ ካርታ አውጥቶበታል።»