በማን ክንድ?

ቀረብ በሉ ልጆች፤ ተረት መጥቷል።

ድሮ ድሮ፣ ሰው ሁሉ በገዛ ክንዱ በሚለካበት ዘመን፣ ጓንጉልና ትጓደድ የሚባሉ ወንድምና እህት ነበሩ። ጓንጉል ታላቅ ነው፤ ክንደ ረጅም። ትጓደድ ታናሽ ናት፤ ክንደ አጭር፣ ቃጫ እየገመደች ገመድ የምትሸጥ። አባታቸው እርሻ፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲና ጥማድ በሬ ትቶላቸው ሞተ። «እኩል ተካፈሉ» ብሎ ነበር።

በሬውን አንድ አንድ ወሰዱ። እርሻው ላይ ግን ጓንጉል፣ «እኔ ከላይ፣ አንቺ ከታች፤ ክንድ በክንድ እየለካን መሀል ላይ እንገናኝ» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ክንድህ ከክንዴ በአንድ ጋት ይበልጣል» አለች ትጓደድ። «ሦስት ጋት አንድ ስንዝር ነው፤ ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ። ያንተ ስድስት ክንድ የእኔ ሰባት ነው።»

«ክንድ ክንድ ነው» አለ ጓንጉል።

ሊያካፍሏቸው የተጠሩት ሽማግሌዎችም «ይሁን» አሉ። ጠላውን የጋበዛቸው እሱ ነበር።

ቀጥሎ አቡጀዲውን ከሁለት ጫፍ ይዘው ለኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ስድስት የእኔ ሰባት ነው።»

«ክንድ ክንድ ነው።»

ትጓደድ ቁራጯን አጣጥፋ ሄደች። ጓንጉል ልቡን ቆጠቆጠው፤ ግን አልጠራትም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን የጓንጉል በሬ ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ውሃውም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጓንጉል ድንጋይ በልጥ አስሮ እስከ በሬው ቀንድ ድረስ ለቀቀና ልጡን በክንዱ ለካ፤ አሥራ ስምንት ክንድ። በሬውን እንዲስቡለት ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ወደ እህቱ ሮጠ።

«አሥራ ስምንት ክንድ ገመድ፣ ቶሎ።»

«በማን ክንድ?» አለችው።

ጓንጉል ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። «በእኔ ክንድ» ቢል ክንድ እንደሚበላለጥ ማመኑ ነው፤ እርሻው እንደገና ይለካል።

«ክንድ ክንድ ነው» አለ።

ትጓደድ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ በራሷ ክንድ አሥራ ስምንት ለክታ ቆረጠች።

ገመዱን ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። በሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ አንገቱን አቀና። የገመዱ ሸምቀቆ ከቀንዱ በላይ ሦስት ክንድ ያህል ቀርቶ ተንጠለጠለ።

«በእኔ ክንድ ነበር» አለ ጓንጉል። «በእኔ ክንድ ነበር፣ ትጓደድ።»

ትጓደድ ወደ ቤቷ በረረች። ሌላ ረዘም ያለ ገመድ ይዛ ስትመለስ በጉድጓዱ ውስጥ የሚታየው ውሃ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጓንጉል አንድ ዘንግ ቆረጠ። እርሻውን ከዳር እስከ ዳር በዚያው ዘንግ ለካና የእህቱን ድርሻ መለሰላት። እሷ ግን አልተደሰተችም።

«ገመዱ እንደሚያጥር አውቄ ነበር» አለችው። «አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

«እኔም አንቺ ትጨምሪበታለሽ ብዬ ነበር» አላት።

እርሻው እኩል ሆነ፤ ጥማዱ ግን ፈረሰ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። የትጓደድ በሬ ጓደኛውን እየፈለገ ሲያገሳ፣ ወንድምና እህት ጎንበስ ብለው መሬቱን በመቆፈሪያ ይቆፍሩ ነበር። በዚያ መንገድ ያለፈ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ይል ጀመር፦

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»

ተረቱ የእኔ፣ ምክሩ የእናንተ ይሁን።