ስለ ኋላው በር የተጸለየው ጸሎት

አንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነበረ። ከከተማው ዳር፣ በሰፈሩ ሰዎች ቤትና በጤና ጣቢያው መካከል ያረፈ ሰፊ ግቢ ነበረው። የሰፈሩ ሰው በኋላው በር ገብቶ በፊተኛው በር እየወጣ በአሥር ደቂቃ ጤና ጣቢያው ይደርስ ነበር። አንድ ዓመት ግን የሚያልፈው ሰው ጫጫታ የተማሪዎቹን የጥሞና ሰዓት ረበሸ ተባለ፤ የሰፈሩ ፍየልም አበባ በላች ተባለ። የግቢው ኮሚቴ ተሰብስቦ የኋላውን በር አስቆለፈው፤ ቁልፉም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በሆኑት በዲኑ ዘንድ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው በሸለቆው በኩል ከአንድ ሰዓት በላይ መዞር ግድ ሆነበት፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወንዙ ይሞላል።

በዚያ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን አንሶላ የሚያጥቡ እማማ ጠጂቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከኋላው በር ማዶ ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ አስካለ ትባላለች። አስካለ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ መውለጃዋም ሰኔ ላይ ነው ተባለ። በሚያዝያ እማማ ጠጂቱ ዲኑን ሊያነጋግሩ ቢሮ ሄዱ።

ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እምነትና ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚባለውን ትምህርት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ድሀ ሲናገሩም እንባ ይተናነቃቸው ነበር።

«ዶክተር፣ እስከ ሰኔ ብቻ ያንን በር ቢከፍቱልኝ» አሉ እማማ ጠጂቱ። «ልጄ ያለፈው ጊዜ ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። በዚያ ሸለቆ ዞሬ አላደርሳትም።»

«እማማ፣ የኔ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እከፍተው ነበር» አሉ ዲኑ። «የኮሚቴ ነገር ሆነብኝ። ግን ዝም አንልም፤ የጸሎት ርዕስ እናደርገዋለን።»

እማማ ጠጂቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ አንሶላቸው ተመለሱ።

ዲኑ ቃላቸውን ጠበቁ። በጸሎት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «እግዚአብሔር የኮሚቴውን ልብ እንዲያለሰልስና የኋላው በር እንዲከፈት» ተብሎ ተጻፈ። ረቡዕ ረቡዕ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እየጾመ ጸለየበት። ጸሎቱ ከአንገት በላይ ነበር ልል አልችልም፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። የኮሚቴው አባላት ከዲኑ ጋር አራት ናቸው። አራቱም ከፊት ተንበርክከው፣ የኮሚቴው ልብ እንዲለሰልስ ከማንም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልዩ ነበር። እያንዳንዳቸው የሚጸልዩት ስለ ሌሎቹ ሦስቱ ይመስላቸው ነበር።

በግንቦት ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። አንዴ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጣራ፣ አንዴ ስለ ምረቃው ድንኳን ተነጋገረ። የበሩን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ጉዳይ ነዋ።

በሰኔ መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ አስካለን ምጥ ያዛት። ደሙም ቶሎ መጣ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ኋላው በር አመጧትና ብረቱን ደበደቡ። ዘበኛው ጋሽ ቦጋለ ሰምተው ቁልፉን ፍለጋ ወደ ጸሎት ቤት ሮጡ። ሲደርሱ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተንበርክኳል፤ ዲኑ እጃቸውን ዘርግተው «ጌታ ሆይ፣ ያንን በር አንተው ክፈትልን» እያሉ ነው። ጋሽ ቦጋለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጸሎት አይቋረጥም ተብለው ነው ያደጉት። የዚያን ቀን ጸሎት ደግሞ ረጅም ነበር።

«አሜን» ሲባል ሄደው በዲኑ ጆሮ ነገሩን ተናገሩ። ዲኑ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በዝናብ ሮጡ። በሩ ሲከፈት ማንም አልነበረም። ሰዎቹ ጠብቀው ጠብቀው በሸለቆው በኩል ሄደዋል። አስካለ ወንዙን ሳትሻገር ሞተች፤ ልጇም በሆዷ እንዳለ አብሯት ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ ክፍት ሆነ። ስብሰባም አላስፈለገውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

የአስካለ አርባ ሳይወጣ፣ ከምረቃው በፊት፣ የምስጋና ጉባኤ ተደረገ። እማማ ጠጂቱ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር፤ ሐዘንተኛም መብላት አለበት። ዲኑ ያጽናኗቸው መስሏቸው ከልብስ ማጠቢያው አስጠሯቸው።

«ሁለት ወር የጸለይንበት በር ተከፍቷል» አሉ ለጉባኤው። «እማማ ጠጂቱ ምስክርነት ይሰጡናል።»

እማማ ጠጂቱ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው አብሰው ቆሙ።

«እውነት ነው፣ በሩ ተከፍቷል» አሉ። «ዛሬም በሱ ነው የመጣሁት። የማሳልፋት ልጅ ግን የለችኝም። ቁልፉ ሁለት ወር ሙሉ እዚሁ፣ በመካከላችሁ ነበረ። እግዜር ደግሞ ከሰው ኪስ ቁልፍ አይሰርቅም።»

ጉባኤውም እንደ ልማዱ «አሜን» አለ።

ጸሎት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን እኛው ልናደርገው የምንችለውን ነገር ለእግዚአብሔር አሳልፈን ስንሰጥ፣ ያ ጸሎት ድሀን በወግ ማሰናበቻ ይሆናል። ፍትሕን ማስተማርም ሆነ ስለ ፍትሕ ማልቀስ፣ ፍትሕን ማድረግ አይደለም። ልብ እንዲለሰልስ የሚለምን ሰው መጀመሪያ የራሱን ልብ አብሮ ይቁጠር።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ተስፋዬ ይሟጠጣል። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቀን ተጸጽተው ይመለሳሉ እል ነበር። ራሱን ጻድቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ግን ከምኑ ይመለሳል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።